ፊደል ሠርተው የታሰሩት የሐረርጌ መምህር

ሰው በምን በምን ይታሰራል? ሰርቆ ይታሰራል። ሰው ደብድቦ ይታሰራል። ታዲያ ፊደል ሠርቶ የታሰረ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «እንዴ! ይህ ደግሞ ምን ወንጀል ሆኖ ነው?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ተደርጓል። የተደረገውም ሩቅ አገር ሳይሆን እዚሁ በእኛው ምድር፣ በሐረርጌ ነው። የታሰሩት ሰው ሼህ በክሪ ሳጳሎ ይባላሉ።

በዚህ ጽሑፍ እኚህን አባት እናስታውሳለን። ሀብታም ስለነበሩ አይደለም። ጦር ስለመሩም አይደለም። የእርሳቸው መሣሪያ ብዕርና ቀለም ብቻ ነበር። ፊደል የቆጠረ ገበሬ ሁሉ ታሪካቸውን ቢያውቅ ይጠቀማል፤ አሁን በእጁ የያዘው ነገር ምን ያህል ክቡር እንደሆነ ይረዳልና።

ከስማቸው እንጀምር

ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም አቡበከር ነው። አባታቸው ገራድ ዑስማን ይባሉ ነበር። የተወለዱት በኅዳር ወር 1888 ዓ.ም. በምሥራቅ ሐረርጌ ነው። ሳጳሎ የወንዝ ስም ነው። የአባታቸው መሬት በዚያ ወንዝ አጠገብ ስለነበር የወንዙ ስም የእርሳቸው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በገጠር እንዲህ ነው፤ ሰው በወንዙ፣ በተራራው፣ በአገሩ ይጠራል።

ዘመኑን ልብ በሉ። የምኒልክ ጦር በጨለንቆ ድል አድርጎ ሐረር የገባው በ1879 ዓ.ም. ነበር። ሼህ በክሪ የተወለዱት ከዚያ በኋላ፣ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። አዲሱ አስተዳደር ተተክሏል፤ ራስ መኮንን ሐረርን ይገዛሉ። ገራድ ማለት በዚያ አስተዳደር ውስጥ ከ60 እስከ 70 የሚሆኑ የገበሬ አባወራዎች ኃላፊ የሚሆን ባለመሬት የሚይዘው ማዕረግ ነው።

እንግዲህ ሼህ በክሪ የተወለዱት ከድሃ ጎጆ አይደለም። ቢፈልጉ የአባታቸውን ማዕረግ ይዘው፣ ገበሬውን እያዘዙ መኖር ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን የመረጡት መማርንና ማስተማርን ነው።

ከተማሪነት ወደ አስተማሪነት

ሐረር ጀጎል ከጥንት ጀምሮ የመጽሐፍ ከተማ ናት። ከሶፊ ማሽላና ፍራፍሬ ጭኖ ወደ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ግንቡንና አምስቱን በሮቹን ያውቃል። በዚያ ግንብ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ቁርዓን በእጅ ይገለበጥ፣ መጽሐፍ በቆዳ ይጠረዝ ነበር። ከግንቡ ውጪ ያለው አራሽ ግን አብዛኛው ከጽሑፍ የራቀ ነበር። መጽሐፍን ያከብራል፤ ይስማል፤ በግንባሩ ያስነካል። የሚያነብለት ግን ሌላ ሰው ነው።

ሼህ በክሪ እንደ ዘመኑ ልጆች ቁርዓን ቀሩ። ከዚያም ዕውቀት ፍለጋ ከአገራቸው ወጥተው ጨርጨር ድረስ ሄዱ፤ ከመምህር ወደ መምህር እየተዘዋወሩ ብዙ ዓመት ተማሩ። ወደ ትውልድ መንደራቸው ተመልሰው ማስተማር የጀመሩት በ1919 ዓ.ም. አካባቢ ነው።

የሚያስተምሩት ሃይማኖት ብቻ አልነበረም። ጂኦግራፊ ያስተምሩ ነበር። ታሪክ፣ ሒሳብ፣ የከዋክብት ዕውቀትና የዐረብኛ ድርሰትም ያስተምሩ ነበር። እስቲ አስቡት! የመንግሥት ትምህርት ቤት በገጠር በማይታወቅበት ዘመን፣ የገበሬ ልጅ ዓለም ምን እንደምትመስል፣ ጨረቃ እንዴት እንደምትዞር ከመንደሩ ሳይወጣ ይማር ነበር።

ከዚህም ሌላ ሼህ በክሪ ባለቅኔ ነበሩ። የሚገጥሙት ሰዉ በሚናገረው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ ነው። ግጥማቸው ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ሕዝቡ ኑሮና ስለ ጭቆናው ይናገራል። ማንበብ የማይችለው ገበሬም በጆሮው ሰምቶ በቃሉ ይይዘዋል፤ ለሌላው ያሰማዋል። ግጥማቸው እንዲህ እየሆነ ያለ ወረቀት ከመንደር መንደር ዞረ።

ነገር ግን አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የያዘው ሰው ሲሞት ቃሉም አብሮ ይቀበራል። ይህ ጉዳይ መምህሩን ያሳስባቸው ጀመር። ቋንቋው የብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ቋንቋ ነው፤ በምን ይጻፍ?

ቋንቋና ፊደል

እዚህ ላይ ጥቂት እናስብ። እኛ ፊደል የቆጠርን ሰዎች ይህን ነገር በቀላሉ እንረዳዋለን።

ለእርሳቸው ቅርብ የነበረው የዐረብኛ ፊደል ነው። ግን የዐረብኛ ፊደል የተሠራው ለዐረብኛ ነው። «ጰ» የሚለው ድምፅ በዐረብኛ የለም። «ጨ» የለም። «ኘ» የለም። ኦሮምኛ ግን እነዚህ ሁሉ አሉት። የእርሳቸውን መጠሪያ ተመልከቱ፤ ሳጳሎ ውስጥ «ጳ» አለች። ስለዚህ በተለመደው የዐረብኛ ፊደል የገዛ ስማቸውን እንኳ ሕዝቡ እንደሚጠራው አድርገው መጻፍ አይችሉም።

የእኛስ የግዕዝ ፊደል? በዚህ ፊደል ኦሮምኛ ተጽፏል። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆነው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመው በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ግድም በግዕዝ ፊደል ታትሟል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም አንድ ችግር አለ። በአማርኛ «አለ» ብለን ስንጽፍ ሁለት ነገር ይሆናል። አላልተን ስናነበው «ተናገረ» ማለት ነው። አጥብቀን ስናነበው «ይገኛል» ማለት ነው። ፊደሉ ግን አንድ ነው። ለይተን የምናውቀው ዓረፍተ ነገሩን አይተን ነው።

በኦሮምኛ ይህ ነገር ይብሳል። «በዳ» ሲላላ መጥፎ ማለት ነው። ሲጠብቅ ደጋ ማለት ነው። ሌላም አለ። በኦሮምኛ ድምፅ ያጥራል፣ ይረዝማልም። «ቦና» ስንል «ቦ» ካጠረች በጋ ነው፤ «ቦ» ከረዘመች ኩራት ነው። አምስት አጭር ድምፅና አምስት ረጅም ድምፅ፣ በጠቅላላው አሥር አናባቢ አለ። ፊደሉ ይህን ካላሳየ፣ ጀማሪ አንባቢ ደጋውን መጥፎ፣ በጋውን ኩራት እያለ ይደናገራል።

ሼህ በክሪ ይህን ሁሉ መረመሩ። የቋንቋውን ድምፅ አንድ በአንድ ለዩ። ከዚያም የማንንም ፊደል ሳይገለብጡ፣ ለኦሮምኛ ብቻ የሚሆን አዲስ ፊደል ከራሳቸው አእምሮ አወጡ። ፊደሉ እንደ ግዕዝ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል። ድምፁ ሲረዝም የሚያሳይ ምልክት ነበረው፤ ሲጠብቅም እንዲሁ። ይህን የፈጸሙት በ1948 ዓ.ም. ገደማ ሐጂ ቆሜ በምትባል መንደር ሲያስተምሩ ነው።

ዕድሜያቸውን ቁጠሩት። ያን ጊዜ 60 ዓመት ደርሰው ነበር! «እኔ እንግዲህ ዕድሜዬ ሄዷል፤ ፊደል ለልጆች ነው» የምትሉ አባቶችና እናቶች ይህን አስቡ። እርሳቸው በ60 ዓመታቸው የተሠራ ፊደል አልተማሩም። ያልነበረ ፊደል ሠሩ እንጂ።

ይህ ሥራ በዓለም ላይ የብቻቸው አልነበረም። በጎረቤታችን በሶማሌ ሕዝብ ዘንድ ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ የተባሉ ሰው ከእርሳቸው ቀደም ብለው ለሶማልኛ አዲስ ፊደል ሠርተዋል። በምዕራብ አፍሪካም ሶሎማና ካንቴ የተባሉ ሰው በ1949 እ.አ.አ. ለወገኖቻቸው ቋንቋ ንኮ የሚባል ፊደል ፈጥረዋል፤ ዛሬም ይጻፍበታል። በዚያ ዘመን አፍሪካዊው «ቋንቋዬ በምን አንሶ ሳይጻፍ ይቀራል?» ብሎ መጠየቅ ጀምሮ ነበር። የእኛም ሰው ከጠያቂዎቹ አንዱ ነበሩ።

ለምን ተፈሩ?

ፊደሉ በሰዉ ዘንድ በቶሎ ተወደደ። ተማሪዎቻቸው ያዙት። ከተማሪ ወደ ተማሪ፣ ከመንደር ወደ መንደር በእጅ እየተገለበጠ ተሠራጨ። ሰዎች ደብዳቤ መጻጻፍ ጀመሩ።

ታዲያ የመንግሥት ሹማምንት ሰሙና ደነገጡ። ለምን ይደነግጣሉ? ይህ ጥያቄ የነገሩ ሥር ነው።

በ1948 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመንግሥቱ ቋንቋ አማርኛ ነው ይላል። በዚያ ዘመን በኦሮምኛ ማስተማርም ሆነ ጋዜጣ ማሳተም አይፈቀድም ነበር። በፍርድ ቤት ገበሬው በቋንቋው ቢናገር የሚሰማው በአስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው የጨመረውን ቢጨምር፣ የቀነሰውን ቢቀንስ ገበሬው አያውቅም። ማመልከቻ ለማስጻፍ ለጸሐፊ ይከፍላል። ጸሐፊው የጻፈውን ሳያነብ በአውራ ጣቱ ይፈርማል። ግብር ከፍሎ የሚሰጠውን ደረሰኝ፣ ስንት እንደተጻፈበት ሳያውቅ በጨርቅ ቋጥሮ ያስቀምጣል። ማንበብ የሚችለው ሰው ሁልጊዜ በወዲያኛው ወገን ነው።

አሁን ገበሬው በቋንቋው የሚጻፍበት ፊደል አገኘ። በአፉ የሚናገረውን በወረቀት ሊያሰፍር ነው። የደረሰበትን በደል ከነቀኑ ሊመዘግብ ነው። በደል ደግሞ ሲመዘገብ ይቆጠራል፤ ሲቆጠር ይጠየቃል። ሹማምንቱን ያስፈራቸው ይህ ነው። «ይህ ፊደል ኦሮሞውን ያነሣሣብናል» አሉ።

ፊደሉ ታገደ። ሼህ በክሪም በድሬዳዋ ከተማ የቁም እስር ተፈረደባቸው። የቁም እስር ማለት በእግር ብረት የለም፤ ግን ከከተማው መውጣት የለም። ለተዘዋዋሪ መምህር ከዚህ የበለጠ ቅጣት አይኖርም። ተማሪዎቹ በገጠር ናቸው፤ እርሱ በከተማ ታግዷል። ይህ ቅጣት ለዓመታት ቆየ። ፊደሉ ግን ጨርሶ አልጠፋም። በድብቅ መጻጻፉ ቀጠለ።

እርሳቸውም ዝም አላሉም። ስለ ኦሮሞ ሕዝብ ታሪክ በዐረብኛ ጻፉ። ሕዝቡ የደረሰበትን በደል የሚገልጽ ጽሑፍም አዘጋጁ። ዛሬ የፖለቲካ ታጋይ ሲባል በአደባባይ የሚጮኸው ሰው ይታየናል። የእርሳቸው ትግል ግን ያለ ጩኸት ነው፤ ያስተምራሉ፣ ይጽፋሉ፣ ያስገለብጣሉ።

አብዮቱና ስደቱ

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ። ንጉሡ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ወረዱ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ ጭሰኝነት ቀረ። በኦሮምኛ «በሪሳ» የተባለ ጋዜጣ መታተም ጀመረ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ተስፋ አደረገ። ሼህ በክሪ ዕድሜያቸው 80 ሊሞላ የተቃረበ ሽማግሌ ነበሩ፤ የደከሙለት ነገር ሊሆን የተቃረበ መሰለ።

ነገር ግን ተከትሎ የመጣው ሌላ ሆነ። ሐረርጌ የሶማሊያ ጦርነት አውድማ ሆነች። መንግሥትም ቀይ ሽብር አወጀ። በየከተማው ወጣት ተረሸነ፤ የተጠረጠረ ሁሉ ታሰረ። ቀድሞ በንጉሡ ዘመን የተጠረጠረ ሰው እንደገና ተጠረጠረ። በ1970 ዓ.ም. ሼህ በክሪ ከባለቤታቸው ጋር አገራቸውን ጥለው ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ። ያን ጊዜ ከ80 ዓመት በላይ ነበሩ። በዚያ ዕድሜ ስደት ምን እንደሚመስል ለገበሬ አይነገረውም፤ ያረጀ ዛፍ ነቅሎ ሌላ ቦታ እንደ መትከል ነው።

በሶማሊያ በሂራን ስደተኛ መጠለያ ውስጥ ተቀመጡ። ሐሳባቸው ወደ ሞቃዲሾ ሄደው የጻፉትን ለማሳተም ነበር። ፈቃድ አላገኙም። ጤናቸው እየደከመ ሄደና መጋቢት 27 ቀን 1972 ዓ.ም. በ84 ዓመታቸው አረፉ። የተቀበሩት ከሳጳሎ ወንዝ ርቀው በሰው አገር ነው።

እዚህ ላይ የሚያሳዝን ነገር አለ፤ ሳንሸፋፍን እንናገረው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። ኦሮምኛ ከመጀመሪያዎቹ የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ ዘመቻው በኋላ 15 ቋንቋ ደርሷል። ስለዚህ ሼህ በክሪ በመጠለያ ውስጥ ታመው ሳሉ የሐረርጌ ገበሬ በገዛ ቋንቋው ፊደል መቁጠር ጀምሮ ነበር። አንድ መንግሥት በአንድ እጁ ፊደል ሰጠ፤ በሌላው እጁ ሽብር አወጀ። ለዚያች ቀን 50 ዓመት የደከሙት መምህር ከቦታው አልነበሩም። ታሪክ ሲነገር ሁለቱም መነገር አለበት። አንዱን ብቻ መናገር ግማሽ ውሸት ነው።

ታዲያ ድካማቸው ከንቱ ቀረ?

ይህን ታሪክ ለጎልማሶች ስናስተምር አንድ አባት እጃቸውን አነሡና «ልጄ፣ ፊደላቸውስ የት አለ? ዛሬ ማንም አይጽፍበትም። እንግዲያው ምን ሠሩ ይባላል?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው የብልህ ጥያቄ ነው። መልስ ይገባዋል።

እውነት ነው፣ በሼህ በክሪ ፊደል ዛሬ ትምህርት ቤት አያስተምርም። በዘመቻው ጊዜ ኦሮምኛ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በላቲን ፊደል፣ ቁቤ በሚባለው ይጻፋል። የጎረቤታችንም ፊደል እንዲሁ ሆኗል፤ ሶማልኛ በ1972 እ.አ.አ. የላቲን ፊደል ተቀበለ።

ነገር ግን እስቲ ቁቤን ተመልከቱ። ድምፅ ሲረዝም አናባቢው ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ድምፅ ሲጠብቅ ተነባቢው ሁለት ጊዜ ይጻፋል። በጋውና ኩራቱ ይለያሉ፤ ደጋውና መጥፎው ይለያሉ። ሼህ በክሪ በ1948 ዓ.ም. የጠየቁት ይህንኑ አልነበረምን? መልኩ የሌላ ሆነ፤ ጥያቄው ግን የእርሳቸው ነው። ምንጭ የቆፈረ ሰው ውኃው በእርሱ ቦይ ባይፈስስም ምንጩን አላገኘም አይባልም።

ዛሬ በሐረሪ ክልል የሥራ ቋንቋዎቹ ሐረሪና ኦሮምኛ ናቸው። የሶፊ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማራል። አያቱ በአስተርጓሚ የተሟገተበት ጉዳይ ዛሬ በቋንቋው ይጻፋል። ይህ መብት ከሰማይ አልወረደም። በቁም እስርና በስደት የተከፈለ ዋጋ አለው።

የሼህ በክሪም ስም አልጠፋም። ካረፉ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ሪቻርድ ሄይዋርድና መሐመድ ሐሰን የተባሉ ምሁራን ሥራቸውን መርምረው በለንደን ዩኒቨርሲቲ በሚወጣ መጽሔት ላይ ጽፈዋል። ከሐረርጌ መንደር የወጣው ፊደል በዓለም ምሁራን ዘንድ ታወቀ። በድሬዳዋ እንዲታፈን የተፈረደበት ነገር ባሕር ተሻገረ።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ይህን ጽሑፍ የምታነቡት በአማርኛ ነው። አንዳንዱ «ታዲያ አማርኛ ማንበብ ምን ያደርግልኛል?» ሊል ይችላል። የአንዱ ቋንቋ መማር የሌላው ጠላት አይደለም። ሼህ በክሪ ራሳቸው ዐረብኛን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ይጽፉበትም ነበር። ይህ የእናታቸውን ቋንቋ አላስጠላቸውም። የጠሉት አንዱ ቋንቋ ሲነግሥ ሌላው አፉን እንዲዘጋ መደረጉን ነው። ሁለት ቋንቋ የሚያነብ ሰው በሁለት ዓይኑ የሚያይ ሰው ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ሟችን ማክበር በለቅሶ ብቻ አይደለም። መምህር የሚከበረው ትምህርቱ በሥራ ሲውል ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እናድርግ።

አንደኛ፣ ያላነበብነው ወረቀት ላይ አንፈርም። የመሬት ይዞታ ደብተር ይሁን፣ የግብር ደረሰኝ ይሁን፣ የብድር ውል ይሁን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብበው። ያልገባን ቃል ካለ እንጠይቅ። መጠየቅ አያሳፍርም፤ ሳያነቡ ፈርሞ መሬት ማጣት ግን ያሳፍራል፣ ያስርባልም።

ሁለተኛ፣ በየመንደራችን ያሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በቃላቸው የያዙትን እንጻፍ። ግጥም የሚያውቁ አሉ። የመሬት ወሰን፣ የዘር ቆጠራ፣ የድርቅ ዘመን የሚያስታውሱ አሉ። የሼህ በክሪን ግጥም ከአባቱ የሰማ ሰውም ሊገኝ ይችላል። ደብተርና እርሳስ ይዘን አጠገባቸው እንቀመጥ። በኦሮምኛ የተነገረውን በኦሮምኛ፣ በሐረሪ የተነገረውን በሐረሪ፣ በአማርኛ የተነገረውን በአማርኛ እንጻፈው። የተናገረውን ሰው ስምና ቀኑን ከላይ ማስፈር አንርሳ።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችን አንድ ሰው እናስተምር። ባል ሚስቱን፣ ሴት ልጅ እናቷን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን። ሼህ በክሪ ፊደላቸውን ያሠራጩት በማተሚያ ቤት አይደለም። በአዋጅም አይደለም። አንዱ ተማሪ ለሌላው እየገለበጠ ነው። ይህን ማንም መንግሥት ከልክሎ አልቻለም።

ዛሬ ማታ ሥራ ሲበርድ አንድ ወረቀት አውጡ። በላዩ ላይ የራሳችሁን ስም ጻፉ፤ ከሥሩ የአባታችሁንና የእናታችሁን ስም ጻፉ። ከዚያ በታች «አቡበከር ገራድ ዑስማን፣ ሼህ በክሪ ሳጳሎ» ብላችሁ ጻፉ። ነገ ደግሞ ማንበብ ለማይችል አንድ ሰው አሳዩትና ፊደሎቹን አንድ በአንድ አስቆጥሩት።